ስለ ባዜቃ የጥርስ ሙሌትና ስለ መርማሪዎቹ ወገንተኝነት

ባለፈው ወር በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አላስተኛንም ነበር። ነገሩ የተጀመረው አንድ ጓደኛችን በልጅነቱ ያስሞላቸውን ሁለት የመንጋጋ ጥርሶች አስከፍቶ ሙሌቱን ሊያስወጣ መቁረጡን በነገረን ጊዜ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቀው «አፌ ውስጥ መርዝ ይዤ እየኖርሁ ነው፤ ሙሌቱ እኮ ግማሹ ባዜቃ ነው» አለን። ከመካከላችን የሕክምና ተማሪ የሆነው ወንድማችን ሳቀበትና «ዐዋቂዎች መርምረው ጉዳት የለውም ብለዋል፤ አርፈህ ተኛ» አለው። ያም ቀበል አድርጎ «ዐዋቂዎቹንስ ማን ቀጠራቸው?» ሲል መለሰለት።

ከሁለቱ አንዱም ፈጽሞ የተሳሳተ አልመሰለኝም። ስለዚህ በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ስመለከት ከረምሁ፤ ያገኘሁትንም ለውድ አንባቢዎች ለማካፈል አሰብሁ። እኔ የኬሚስትሪ ተማሪ እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የጥርስ ሐኪም የተበላውን ጥርስ፥ ማለት እናቶቻችን «ትል በላው» የሚሉትን፥ ቦርቡሮ ካጸዳ በኋላ ጉድጓዱን የሚደፍንበት ብርማ ነገር አማልጋም ይባላል። ይህም የብር፥ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት በፈሳሽ ባዜቃ ሲለወስ የሚገኝ ነው። ሲለወስ እንደ ሊጥ ለስላሳ ይሆንና በጉድጓዱ ውስጥ ከተጠቀጠቀ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ነው፤ ጓደኛችን በዚህ አልተሳሳተም። ርካሽ በመሆኑ፥ እርጥበት ባለበት አፍ ውስጥ ሳያስቸግር በመያዙና የመንጋጋን ኃይል ብዙ ዓመት በመቻሉ ከመቶ አምሳ ዓመት በላይ የድኻውንም የሀብታሙንም ጥርስ ሲደፍን ኖሯል።

ጓደኛችን የተሳሳተው ባዜቃን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ በመቁጠሩ ነው። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ በ1956 የታወቀው አሠቃቂ በሽታ የመጣው ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተጣለ ሜቲል ሜርኩሪ በሚባል ውሕድ ሲሆን፥ ሰዎቹም ያገኙት ዓሣ በመብላት ነው። በሙሌት ውስጥ ያለው ግን ሌላ መልክ ነው። ከሙሌት የተፈረፈረ ቅንጣት ቢዋጥ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የሚያሠጋው ትነቱ ነው፤ በትንፋሽ ከተሳበው የባዜቃ ተን ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ያልፋል። ከዚያም ወደ ኩላሊትና ወደ አንጎል ይደርሳል።

እንግዲህ ጥያቄው «ሙሌቱ ይተናል ወይስ አይተንም?» የሚል ነበር። ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ባዜቃው ከብሩ ጋር ስለ ተሣሠረ አይወጣም እያሉ ለረዥም ዘመን ያስተምሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የትነት መለኪያ መሣሪያ ወደ ሰው አፍ በቀረበ ጊዜ ግን፥ ሙሌት ያለው ሰው ማስቲካ ካኘከ በኋላ በትንፋሹ ውስጥ ያለው የባዜቃ ተን ከፍ እንደሚል ታየ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ስለ መጠኑ ሆነ። በ1991 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሰነድ ሙሌት ያለው ሰው ከሙሌቱ በቀን በአማካይ ከ3.8 እስከ 21 ማይክሮግራም የሚደርስ ተን እንደሚያገኝ ተገምቶ ነበር፤ ማይክሮግራም ማለት የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ኋላ ሌሎች ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥተዋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር አምስት እጥፍ ያህል መራራቁን አንባቢ ልብ ይበል። ከማኘክ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች የተለካውን ወስዶ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው ብሎ የሚያበዛና፥ ሰው ሁልጊዜ አያኝክም ብሎ የሚቀንስ፥ ሁለቱም ከአንድ መሣሪያ ተነሥተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ይገባሉ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ እርሱ ነውና።

አማልጋም በ1820ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ተጀመረ። በ1833 ክራውኩር የሚባሉ ወንድማማቾች ወደ ኒው ዮርክ አምጥተው በታላቅ ማስታወቂያ «ንጉሣዊ» የሚል ስም ሰጥተው ሸጡት። የሙያው ትምህርት የሌላቸው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም የተበላሸ ነበር። በዚያን ጊዜ የተከበሩት የጥርስ ሐኪሞች ጥርስ የሚሞሉት በወርቅ ነበር። ወርቁ ውድ፥ ሥራውም ረዥም ሰዓትና ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ በመሆኑ ዋጋው ከተራው ሰው አቅም በላይ ነበር። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አማልጋም መርዝ ነው ብሎ አወገዘና አባሎቹን እንዳይጠቀሙበት በፊርማ አስገደደ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን «የአማልጋም ጦርነት» ይሉታል። ብዙ አባሎች ግን ለድኻ በሽተኞቻቸው ሲሉ፥ ገበያቸውም እንዳይወሰድባቸው፥ መጠቀማቸውን አልተዉም፤ ማኅበሩም በ1856 ፈረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዛሬው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ተመሠረተ። በ1890ዎቹም ጂ. ቪ. ብላክ የተባለው ሐኪም የውሕዱን ልክ አስተካክሎ ዘላቂ ስላደረገው አማልጋም የሙያው መደበኛ መሣሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ1840ዎቹ «መርዝ ነው» ያሉት የተከበሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነርሱም ከወርቅ ሥራ ይኖሩ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ «ጉዳት የለውም» ያሉት ደግሞ የተከበሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ እነርሱም ከአማልጋም ሥራ ይኖሩ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ትነቱን በደንብ የለካ ሰው አልነበረም። ይህን ስል ሰዎቹ ውሸታሞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። በየቀኑ በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ ሰውን ይጎዳል ብሎ ማመን ለማንም ቀላል አይደለም፤ ወገንተኝነትም አብዛኛውን ጊዜ በጉቦ ሳይሆን በዚህ በኩል ይገባል።

ከሙያው ውጭ ቆሞ የተናገረ አንድ ታላቅ ሰው ነበረ። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ የቦሮንን ሃይድራይዶች በማጥናት የታወቀ ሲሆን፥ ለጥናቱ ባዜቃ ያለባቸውን የብርጭቆ ዕቃዎች ለብዙ ዓመታት ይጠቀም ነበር። ራስ ምታት፥ የአፍንጫ መታፈንና የመርሳት ችግር ያሠቃየው ጀመር፤ አእምሮው ሥራ እምቢ እስኪለው ድረስ ደረሰ። በኋላ የላቦራቶሪውን አየር ሲመረምር በባዜቃ ተን መመረዙን ዐወቀ። በ1926 ስለዚሁ አደጋ ጽሑፍ አውጥቶ የአማልጋምንም ነገር አብሮ አነሣ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ፤ ኋላም በረደ። እንደ ኬሚስትሪ ተማሪ ሽቶክን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን እርሱም ከወገንተኝነት ነፃ አልነበረም። በገዛ አካሉ ላይ የደረሰ ሥቃይ መርማሪን ያነቃል፤ ደግሞም ያየውን ሁሉ በዚያው ሥቃይ እንዲተረጕም ያደርገዋል። እርሱ የተነፈሰው የላቦራቶሪ አየርና የሁለት ጥርስ ሙሌት አንድ መጠን አይደሉም።

በ1989 የካናዳው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአንዲት በግ አፍ ውስጥ ጨረር በሚሰጥ ባዜቃ የተሠሩ አሥራ ሁለት ሙሌቶች አስገብተው፥ ከ29 ቀን በኋላ ባዜቃው በመንጋጋዋ፥ በሳንባዋ፥ በኩላሊቷና በጉበቷ ውስጥ መግባቱን በፎቶግራፍ አሳዩ። ተቃዋሚዎቻቸው «በግ እኮ ቀኑን ሙሉ ታመሰኳለች» አሏቸው። በግ ሲያመሰኳ አይቶ ያደገ ሰው ይህ ተቃውሞ ተራ ቀልድ አለመሆኑን ይረዳል። መርማሪዎቹም በዝንጀሮ ወገን ላይ ደግመው መሥራት ግድ ሆነባቸው። ባዜቃው ከጥርስ ወደ አካል እንደሚሄድ የታወቀ ሆነ፤ በዚያ መጠን ይጎዳል ወይ የሚለው ግን ሳይመለስ ቀረ።

በታኅሣሥ 1990 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ስለዚሁ መርዝ ሲናገር ብዙ ሕዝብ ደነገጠ፤ ብዙ ሰውም ሙሌቱን ለማስወጣት ወደ ሐኪም ሮጠ። ጓደኛችን ስለ ዐዋቂዎቹ ቀጣሪ ሲጠይቅ፥ ያስደነገጡትንም ሰዎች ማን እንደሚከፍላቸው ቢጠይቅ መልካም ነበር። በኮሎራዶ ይኖር የነበረው ሃል ሀጊንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ሙሌትን በማውጣት ከባድ የነርቭ በሽታዎችን እፈውሳለሁ እያለ ከሩቅ አገር የመጡ ተስፋ የቆረጡ በሽተኞችን በብዙ ገንዘብ ያክም ነበር፤ በ1996 የሥራ ፈቃዱ ተነጠቀ። በሌላው ወገን የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ1980ዎቹ፥ አለርጂ ከሌለበት በሽተኛ አማልጋምን መርዝ ነው በማለት ማውጣት ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው ብሎ ደንብ ላይ ጻፈ። ይህ ደንብ እንደ ሀጊንስ ካሉት ሰዎች በሽተኛን ይጠብቃል፤ ነገር ግን በቅን ልቡና የተጠራጠረውንም ሐኪም ዝም ያሰኛል። ሐኪሞቹ ሁሉ የተስማሙ የሚመስሉት፥ ያልተስማማው ሲቀጣ ከሆነ፥ ስምምነቱ ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል?

ከዚህ በኋላ የመጣው ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነው። በ2006 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ሁለት የልጆች ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ። አንደኛው በአሜሪካ በቦስተንና በሜይን 534 ልጆችን ለአምስት ዓመት፥ ሁለተኛው በፖርቱጋል በሊዝበን በካዛ ፒያ ትምህርት ቤቶች 507 ልጆችን ለሰባት ዓመት የተከታተለ ነበር። በዕጣ እኩሌቶቹ በአማልጋም፥ እኩሌቶቹ በነጩ ሙሌት ተሞሉ። በሁለቱም ጥናት በአማልጋም የተሞሉት ልጆች ሽንት ውስጥ የተገኘው ባዜቃ ከፍ ያለ ነበር፤ በአእምሮ ችሎታና በነርቭ ሥራ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ሊታመን የሚችል ልዩነት አልታየም። እንዲያውም በአሜሪካው ጥናት የአማልጋሞቹ ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤት ከነጮቹ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ልዩነት ከዕድል የሚለይ አልነበረም።

የሕክምና ተማሪው ወንድማችን ይህን ሳነብለት እጁን አጨበጨበ። እኔም ያንኑ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቅ። ከአምስት መቶ ልጆች አንዱ ብቻ በተፈጥሮው ለባዜቃ ደካማ ቢሆን፥ ሁለት መቶ አምሳ ልጆች ባሉበት ቡድን ውስጥ የምንጠብቀው የተጎጂ ቁጥር ግማሽ ልጅ ነው። አማካዩን በማነጻጸር ይህን ማየት አይቻልም። በ2012 ከሊዝበኑ ጥናት መርማሪዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው መረጃውን እንደገና ከፍተው፥ አንድ የታወቀ የዘር ልዩነት ያላቸው ወንዶች ልጆች ባዜቃ በበዛባቸው ቁጥር በአንዳንድ ፈተናዎች ዝቅ ማለታቸውን፥ በሴቶቹ ላይ ግን ይህ እምብዛም አለመታየቱን ጻፉ። ይህም ብዙ ፈተናዎች ከተደረጉ በኋላ የተገኘ ስለ ሆነ በሌላ ጥናት መደገም ያስፈልገዋል። እኔ በዚህ ላይ በጣም የወደድሁት ሰዎቹ የገዛ መደምደሚያቸውን ለመፈተን መድፈራቸውን ነው።

በዚያው በ2006 በመስከረም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጽሑፎቹን መርምረው አማልጋም አያሠጋም የሚል ሪፖርት አቀረቡ። መሥሪያ ቤቱ ከውጭ የጠራቸው የጥርስና የነርቭ ዐዋቂዎች ጉባኤ ግን 13 ለ 7 በሆነ ድምፅ የሪፖርቱ መደምደሚያ ተገቢ አይደለም አለ። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ ጉባኤው «አማልጋም ይጎዳል» ብሎ አልወሰነም፤ ያለው «ይህን ያህል በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ አላየንም፥ በተለይም ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕፃናት» ለማለት ነው። በ2009 መሥሪያ ቤቱ አማልጋምን በመካከለኛ የአደጋ ደረጃ መድቦ እንዲሸጥ ፈቀደ። በዚያ ዓመት የተሾሙት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሹመታቸው በፊት የጥርስ ሕክምና ዕቃ የሚያከፋፍል የአንድ ታላቅ ኩባንያ የቦርድ አባል ስለ ነበሩ ተቃዋሚዎች ይህን ሳያነሡ አልቀሩም። ይህ ብቻውን ውሳኔው የተሳሳተ ነው አያሰኝም፤ ነገር ግን ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ሕዝቡ እንዳያምነው ያደርጋል።

አውሮፓ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ማትስ ቤርሊን በ2003 ለአገሩ መንግሥት ባቀረበው ሪፖርት አማልጋም ከጤና አኳያ ለጥርስ ሙሌት የማይስማማ ነው ሲል፥ የአውሮፓ ኮሚሽን የሳይንስ ኮሚቴ በ2008 ለሕዝብ አያሠጋም አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ዮአኪም ሙተር በ2011 የኮሚቴውን ሥራ ነቅፎ ጻፈ። ሁሉም ያነበቡት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው! ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? እንደ መሰለኝ ከሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የትኛው ጥናት ይቈጠር፥ የትኛው ይጣል የሚለው ነው፤ ደንቡ ከንባብ በኋላ ከተጻፈ መርማሪው ሳያውቀው የወደደውን ያስቀራል። ሁለተኛው ከማን ጋር ይነጻጸር የሚለው ነው፤ ሙተር «አማልጋም የሌላቸው የተባሉት ሰዎች ቀድሞ ሙሌት የነበራቸው ወይም ባዜቃን በሌላ መንገድ ያገኙ ሊሆኑ ይችላሉ» ይላል። ሦስተኛውና ዋናው የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው። አንዱ «ጉዳቱን አሳየኝ» ይላል፤ ሌላው «ደኅንነቱን አሳየኝ» ይላል። ይህ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ ሁለቱም ግን በሳይንስ ስም ይፈርዱበታል።

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እያንዳንዱ የራሱን ሽማግሌ ይጠራል። የባልን አጎት ማንም ወገን የሌለው ሰው ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ነገር ግን አይባረርም። የባል ወገን መሆኑ እየታወቀ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱም የሚስት ወገን ይቀመጣል፤ መካከል ላይ ሁለቱም የተስማሙበት ሰው ይሰየማል። የጥርስ ሐኪሞች በመርማሪ ኮሚቴ መቀመጣቸውን አልቃወምም፤ ሙሌት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከእነርሱ በቀር ማን ያውቃል? ነገር ግን ስለ ኩላሊትና ስለ አንጎል የሚፈርደው ኮሚቴ አብዛኛው አባል የጥርስ ሐኪም ከሆነ፥ የባል አጎቶች ብቻ ተሰብስበው ዕርቅ አወረድን እንደ ማለት ነው። ሀጊንስን የመሰለውን ሰው ደግሞ ገለልተኛ ምስክር ብሎ ማቅረብ ያው ነው።

ስለ ዛሬው ሁኔታ ባጭሩ ልናገር። ኖርዌይ በ2008፥ ስዊድን በ2009 ባዜቃን ከሞላ ጎደል ከለከሉ፤ ዋናው ምክንያታቸው የሰው አፍ ሳይሆን አካባቢው ነበር፤ ከሐኪም ቤት ፍሳሽና ሬሳ ከሚቃጠልበት ምድጃ የሚወጣው ባዜቃ ወደ ውሃና ወደ ዓሣ ይደርሳልና። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፥ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች፥ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከልዩ ምክንያት በቀር ለሁሉም እንዲቀር አደረገ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በመስከረም 2020 ለነፍሰ ጡሮች፥ ለሚያጠቡ፥ ለሕፃናት፥ የነርቭና የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሌላ ሙሌት ቢመረጥ ይሻላል አለ። በዚያው ቃሉ ግን ደኅና የሆነውን አሮጌ ሙሌት ማውጣት አይመከርም ይላል፤ ሲቦረቦር ትነቱ ከፍ ይላልና፥ ጤነኛውም ጥርስ አብሮ ይጎዳልና። በሚናማታ ስም የሚጠራው የዓለም ስምምነት አባል አገሮችም በ2025 መጨረሻ በጄኔቫ ተሰብስበው አማልጋም በ2034 እንዲቀር ተስማምተዋል።

ነጩም ሙሌት ቢሆን ከጥያቄ ነፃ አይደለም። በ2012 የአሜሪካው የልጆች ጥናት መርማሪዎች፥ ከአንድ ዓይነት ነጭ ሙሌት ጋር ብዙ የቆዩ ልጆች በጠባይና በስሜት መመዘኛ ጥቂት ዝቅ ብለው መገኘታቸውን ጻፉ። ነጩ ሙሌት ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ጥርሱ ደርቆ በጥንቃቄ እንዲሠራ ይጠይቃል። በቂ ሐኪም በሌለበት አገር የአማልጋም ምትክ ብዙ ጊዜ ነጭ ሙሌት ሳይሆን ጉጠት ነው። ከወርቅ ዘመን ጀምሮ በዚህ ክርክር ውስጥ የድኻው ጥርስ ጉዳይ ሁልጊዜ በመጨረሻ ነው የሚነሣው።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ካነበብሁለት በኋላ ሁለቱን አሮጌ ሙሌቶች ሳይነካ ተዋቸው። በሌላ በኩል ግን አንድ ጥርሱ እየቦረቦረ ኖሮ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ በነጩ እሞላልሃለሁ ሲሉት «ይህስ ከምን ተሠራ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና ከመሳቢያቸው የማሸጊያውን ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ትናንት ማታ ወረቀቱን ወደ እኔ አምጥቶት የውሕዶቹን ስም አንድ በአንድ ስንፈታ አመሸን፤ ገና አልጨረስንም።